እናቴ «የታወረ» የምትለው ጡት

ክሊኒኩን የተውኩት ሆዴ ገፍቶ ጋውኑ አልቆለፍ ሲለኝ ነው። የመጨረሻው ቀን ጋውኑን አጥቤ፣ ተኩሼና አጣጥፌ ለሲስተር የሺ አስረከብኩ። እሳቸው ደግሞ በንጹሕ ጎዝ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር እጄ ላይ አኖሩ። ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ አፉ የተቆረጠ ስሪንጅ ነው።

«ቦርሳሽ ውስጥ ይቀመጥ» አሉኝ። «ላያስፈልግሽ ይችላል። ካስፈለገሽ ግን የራበው ልጅ እኔ ከቦሌ እስክመጣ አይጠብቅም።»

ሰው ሥራ ሲለቅ ወይ ይከፋዋል ወይ ደስ ይለዋል። እኔ ፈራሁ። ከቦሌ እስከ ላምበረት ድረስ ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን ሆዴ ላይ አቅፌ ስሄድ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይሄን ልጅ ማጥባት እችል ይሆን?

ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ የሕክምናውን ነገር እንደ ሐኪም ልጽፈው አልችልም። እንዳየሁትና እንደያዝኩት እጽፈዋለሁ። በሰው ፊት መናገር ስለማልችል ወረቀት ይሻለኛል።

የተወለድኩት ከላምበረት በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የደጋ ከተማ ነው። የእናቴ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ጫፍ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ስርጉድ ብቻ ነው ያለው። እሷ «የታወረ ጡት» ትለዋለች። ወተት ነበራት፤ እኔ ግን የምይዘው አጥቼ ሳለቅስ ጡቷ አብጦ፣ በትኩሳት ወድቃ፣ በኋላ ደረቀ። ያጠቡኝ ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ናቸው። እናቴ እኔን ለእሳቸው አቅፋ ትሰጥና እንስራዋን ይዛ ወደ ወንዝ ትወርድ ነበር። «ውኃው ቤት ሞልቶ እያለ እንኳ ትወጣ ነበር» ብለው እትዬ ደብሪቱ ራሳቸው ነገሩኝ።

ጡቴ ማጎጥጎጥ ሲጀምር በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። የእናቴ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። እኩዮቼ ወንዝ ወርደው ሲታጠቡ እኔ ልብስ ጠባቂ ሆንኩ። ዝምተኛ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት መጥቼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ደረጃ ለመወልወል ነው። የሕንፃው ኃላፊ የደረጃውን መደገፊያ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ጣታቸውን ያሳዩኝ ነበር፤ ቃል አይናገሩም። ለእኔ ዓይነት ሰው የሚመቹ አለቃ ነበሩ። ከዚያ የጽዳት ድርጅቱ ቦሌ ወደሚገኘው ክሊኒክ አዛወረኝ። ደመወዙ ያው ነው፤ ታክሲው ግን ጨመረ።

ክሊኒኩ ከካፌ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ዶክተር ናሆም ይባላሉ፤ የቃጠሎ ጠባሳ፣ ያበጠ የጆሮ ጠባሳ፣ የጡት ነገር የሚሠሩ ሐኪም ናቸው። እዚያው ፎቅ ላይ የጥርስ ሐኪም ስላለ እኛ ጋ የሚመጣ ሁሉ ለጥበቃው «ጥርስ ቤት ነው የምሄደው» ይላል። ጥበቃው ጋሽ ከበደ እየሳቁ፣ «ቦሌ ላይ እንደዚህ ፎቅ ጥርሱ የታመመ ሕዝብ አላየሁም! ደግሞ ሁሉም ቆንጆ ቆንጆ ሴት» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ወለል ስወለውል ዶክተሩ ለአንዲት ልጅ ሲናገሩ ሰማሁ። «ይሄ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ ይባላል። በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው አለው።»

መወልወያው እጄ ላይ ቆመ። ብዙ ሰው አለው! እኔ እኮ በዓለም ላይ እናቴና እኔ ብቻ ነን ብዬ ነበር የኖርኩት።

ሲስተር የሺን ያወቅኩት በዚያው ሰሞን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ በመንግሥት ሆስፒታል አርጅተው ወደ ግል የመጡ ነርስ ናቸው። ከጽዳት አውጥተው ቁስል የሚታሸግበት ክፍል ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቤት ትተሽው ነው የምትመጪው?» አሉኝ አንድ ጠዋት።

አንገቴን ደፋሁ።

«ጥሩ ነው። እዚህ ክፍል የሚያወራ ሰው አያስፈልገኝም። ወሬኛማ ሞልቶኛል። ነይ እጅሽን ታጠቢ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀስና መያዣ ማጠብ፣ በየዓይነቱ ጠቅልሎ ማሽን ውስጥ መቀቀል፣ ጎዝ መቁረጥ፣ የታካሚ እጅ መያዝ ሥራዬ ሆነ። ብዙ ያስተማሩኝ በቃል አይደለም። ሲስተር የሺ ሰው ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን አፋትገው ያሞቃሉ፤ በጓንት ላይም ቢሆን ያሞቃሉ። ፋሻ ሲፈቱ የታካሚዋን ዓይን እንጂ ቁስሉን ቀድመው አያዩም። «ቁስሉ የትም አይሄድም፤ ሴትየዋ ግን ፊትሽን እያየች ነው» ይላሉ። ለጡት ጫፍ የመጣችን ሴት ሁሉ ደግሞ ከምንም በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ከልጅነትሽ ነው ወይስ አሁን የመጣ?»

የዚህን ጥያቄ ክብደት ያየሁት አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ነጋዴ የመጡ ቀን ነው። ወርቃቸውን አድርገው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ እየሳቁ ገቡ። «አንዱ ጡቴ ተኮራምቶ ገባ። እርጅና መሆኑ ነው፤ በሉ አስተካክሉልኝና ልሂድ።»

«መቼ ነው የገባው?» አሉ ሲስተር።

«ዘንድሮ ነው። አራት አጥብቼበታለሁ እኮ፤ ድሮማ እንደ በቆሎ የቆመ ነበር!»

ሲስተር አልሳቁም። መዳፋቸውን አሙቀው ዳሰሱና ዶክተሩን ጠሩ። ዶክተሩም ዳስሰው ቢላዋ አላነሡም፤ ለሌላ ምርመራ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኳቸው። ሴትየዋ ሲወጡ ሳቃቸው ጠፍቶ ነበር። በኋላ ካንሰር መሆኑን ሰማን፤ ሕክምና ጀምረው ነበር። የዚያን ቀን ማታ እኔም ቤቴ ገብቼ በር ዘግቼ ራሴን ዳሰስኩ። የእኔ ከልጅነቴ እንደሆነ እያወቅኩ ዳሰስኩ። ፍርሃት የሚያውቁትን ነገር ያስረሳል።

ኦፕሬሽኑን ስነግራችሁ እንዳይከብዳችሁ፤ ደሙ ትንሽ ነው። ታካሚዋ አትተኛም፤ ጡቷ ብቻ ይደነዝዛል። ዶክተሩ በቀጭን ክር ጫፉን ከገባበት ስበው ያወጡታል። ከሥሩ በኩል በጣም ትንሽ ይሰነጥቁና ወደ ውስጥ የሚጎትቱትን ጅማት መሳይ ክሮች በመቀስ አፍ እየከፈቱ ያላቅቃሉ። እነዚያ ክሮች ልክ እንደ ተሰፋ ከረጢት ማሰሪያ ናቸው፤ እነሱ ሲለቁ ጫፉ ብቅ ይላል። ከዚያ ተመልሶ እንዳይሰምጥ ሥሩ ላይ ዙሪያውን ይሰፋል። ፈተናው እዚያ ስፌት ላይ ነው። ከላላ ይሰምጣል፤ ከጠበቀ ደም አይደርሰውም። ዶክተሩ ክሩን ሲያስሩ ማንም አይናገርም።

ከዚያ የሲስተር የሺ ተራ ይመጣል። ከትልቅ ስሪንጅ ቀለበት ቆርጠው «ቆብ» የምንለውን ይሠራሉ። ቆቡ ጫፉን ከቦ ይቀመጥና ጫፉን የያዘው ክር ከላዩ ላይ ተሻግሮ ይታሰራል፤ ጫፉ ተወጥሮ እንዲቆም፣ ልብስም ሆነ ሌላ ነገር እንዳይጫነው። ስሪንጁ ሲቆረጥ ጠርዙ ይሻክራል። ሲስተር ጠርዙን ሞርደው፣ አለስልሰው፣ ከመቀቀሉ በፊት በራሳቸው ከንፈር ላይ እያዞሩ ይፈትኑታል። «ከንፈር የማይወደውን ጡት አይወደውም» ይላሉ። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ስንቱን ቆብ በከንፈሬ አዙሬያለሁ!

አንድ ቀን ቆብ እየሞረድኩ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ሲስተር፣ የተሠሩት ሴቶች ሲወልዱ ወተት ይወጣቸዋል?»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ለማን ነው የምትጠይቂው?»

ቆቡን መሞረድ ቀጠልኩ። እሳቸውም ሞረዱን ከእጄ ወሰዱ። ቀስ ብለው መጋረጃውን ሳቡና መዳፋቸውን ማፋተግ ጀመሩ። ያኔ ገባኝ። ከዚያ በፊት ማንም አይቶኝ አያውቅም፤ መጀመሪያ ያሳየሁት ለሲስተር የሺ ነው።

«አንዳንዶቹ ያጠባሉ፣ አንዳንዶቹ አያጠቡም» አሉኝ ቁልፌን መልሰው እየቆለፉ። «የወተቱ መንገድ ከተቆረጠ ቆንጆ ይሆናል እንጂ ወተት የለም። ማንም ዋሽቶ ዋስትና እንዳይሰጥሽ።»

አሁን ስለ ብሌን ልጻፍ። እውነተኛ ስሟ አይደለም። ባንክ የምትሠራ፣ ገርጂ ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነበር። ለእናቷም ለእጮኛዋም ሳትናገር ነው የመጣችው። የኦፕሬሽኑን ቀጠሮ የያዘችው ለሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነው፤ ሲስተር ለምን እንደሆነ ጠየቋት።

«ሲስተር፣ በሕማማት ሰው አይሳሳምም፣ አይተቃቀፍም» አለች ኮራ ብላ። «ደረቴን የሚነካኝ የለም። በፋሲካ ቆቡ ይወልቃል፤ አከተመ።»

«ብልጥ ነሽ» አሉ ሲስተር፤ ሁላችንም ሳቅን።

ኦፕሬሽኑ ጥሩ ሄደ። እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲያበቃ በመስታወት አይታ፣ «እኔ ነኝ ይሄ?» ብላ አለቀሰች። ሲስተር የሺ እንደ ወትሮው አስጠነቀቋት። በሆድሽ አትተኚ፣ ጠባብ ጡት መያዣ አታድርጊ፣ ከባድ አታንሺ፣ ልጅ አትቀፊ። እሷም «እሺ፣ እሺ» እያለች ወጣች።

«አትስገጂ» ግን አላልናትም። ሁላችንም የምንሰግድ ሰዎች ነን። ሲስተር የሺ ስቅለት ዕለት ሲሰግዱ ነው የዋሉት፤ እኔም እንደዚያው፤ ዶክተሩም ቢሆኑ። ሁላችንም ጉልበታችን እስኪዝል ግንባራችንን መሬት ስናስነካ፣ ያቺ ልጅስ ዛሬ ምን እያደረገች ይሆን ያለ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም።

ፋሲካ አልፎ ክሊኒኩ እንደተከፈተ ብሌን ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችን። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች። ሲስተር ፋሻውን ሲፈቱ እንደ ልማዳቸው ዓይኗን እያዩ ነበር። እኔ ግን ቁስሉን አየሁ። የቀኙ ደህና ነው። የግራው ቆብ ተጨፍልቆ፣ አንዱ ጠርዝ ሥጋው ውስጥ ገብቶ፣ ጫፉ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ሰገድሽ?» አሉ ሲስተር። ድምፃቸው እንዴት እንደነበረ እስካሁን ይሰማኛል።

«ምን ላድርግ?» አለች ብሌን። «እማዬ አጠገቤ ናት። የወር አበባ ነው እንዳልላት ገና ማለፉን ታውቃለች። ካልሰገድኩ አርግዛለች ነው የምትለው፤ ከሠርጉ በፊት! ዝቅ ሳልል ጎንበስ ጎንበስ ብዬ ላታልላት ሞከርኩ…»

«ከዚያስ?»

ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ሳበችው።

ዶክተሩ ገብተው አዩ። ስፌቱን ፈቱ፣ አሞቁ፣ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ደም ግን አልተመለሰም። በኮሪደሩ ላይ ሲስተርን፣ «ማን ነው ያስረዳት?» አሏቸው።

«እኔ ነኝ።»

«እኔም ፈርሜ አስወጥቻታለሁ፤ አልጠየቅኩም» አሉ ዶክተሩ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ገቡ። ሲጮኹ ብሰማቸው ይሻለኝ ነበር።

በሌላ ቀን እናቷ አብረዋት መጡ። ልጃቸው ነግራቸዋለች። ጥቁር ቀሚስ በነጭ ነጠላ፣ እጃቸው ላይ መቁጠሪያ። ወንበር ሳቀርብላቸው አልቀመጥ አሉ።

«ልጄን ምን አደረጋችኋት?» አሉ ሲስተር የሺን። «ምን ጎድሏት ነው ገላዋን የምትቆርጡት?»

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አሉ ሲስተር።

«አልቀመጥም! አንቺም እናት ትሆኚያለሽ። አንዲት ቃል፣ ‹ይቺ ልጅ እንዳትሰግድ› ብሎ የሚልክ ሰው ጠፋ?»

«ልክ ነዎት። አላልንም።»

ሴትዮዋ ክርክር ጠብቀው ነበር መሰለኝ፤ ሲስተር ልክ ነዎት ሲሏቸው የሚይዙት ጠፋቸው። መቁጠሪያቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸው ወረደ።

«እኔ ነኝ የተጫንኳት» አሉ። «ጎንበስ ብቻ እያለች ስትነሣ አየኋትና ተናደድኩ። ‹ለጌታ ነው እኮ፣ ግንባርሽ መሬት ይንካ› ብዬ ጀርባዋን በዚህ እጄ ተጫንኩት። ቀጭ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። መቁጠሪያዬ መስሎኝ ነበር።»

ብሌን ተነሥታ አቀፈቻቸው። ሕማማቱ አልፏልና መተቃቀፍ ይቻላል። ግን በቀኝ ጎኗ ብቻ ነው ያቀፈቻቸው፤ ግራውን አርቃ።

የግራው ጫፍ ጠቁሮ ወደቀ። ቁስሉ ሲድን ለጥ ያለ ጠባሳ ቀረ። ሠርጉ በቀኑ ተደረገ። ከሠርጉ በፊት ፋሻ ልትቀይር ስትመጣ ሲስተር፣ «ለእጮኛሽ ነገርሽው?» አሏት።

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ያምሻል?› አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።»

ከዚያ ወዲህ ሲስተር የሺ ልጅቷ ማን ትሁን ምን፣ «ስግደት አለብሽ ወይ?» ይላሉ። ሙስሊሟን «ሱጁድ ላይ ደረትሽን አርቂ» ይሏታል። ጴንጤዋን ሳይቀር ይጠይቃሉ።

ለእኔ ግን ያ ጥቁር ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። በየማታው ሕልሜ ውስጥ ጀርባዬን የሚጫን እጅ አለ፤ ዞሬ ሳየው የእናቴ ነው።

በዚህ መሐል ታሪኩ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ሊያገባኝ ጠየቀኝ። ከላምበረት ቦሌ የሚሠራ፣ እኔ ዝም ስል እሱ የሚያወራ ሰው ነው። «እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ፤ አንቺ ሒሳብ ያዢ» ብሎ ነው የጠየቀኝ። እንደ ብሌን ላለመሆን ስለ ጡቴ ነገርኩት። በጨለማ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የነገርኩት።

«እና እኔ ምኑ ነው የምጎዳው?» አለ። «እኔ እንደሆን ጡት ከተውኩ ቆይቻለሁ።»

ሳቅኩ። ግን የፈራሁት ለእሱ አልነበረም።

ዶክተር ናሆም ነገሬን ከሲስተር ሰምተው ጠሩኝ። «የቤታችን ልጅ ነሽ፤ እሠራልሻለሁ፣ ክፍያ የሚባል ነገር የለም» አሉኝ። መርምረውኝም ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። የቀኙ ሲስቡት ብቅ ይልና ተመልሶ ይገባል፤ የግራው ግን በጣም የተያዘ ነው፤ ለማውጣት የወተቱን መንገድ መቁረጥ ይኖርባቸዋል። የቀኙም ቢሆን ሊጎዳ ይችላል። «ቅርጹን አስተካክልልሻለሁ። ስለ ወተቱ ግን ቃል አልገባም። አስቢበት።»

አሰብኩበት። ያልተሠራ ጡት ይዛ የተቃጠለች እናቴ አለች። ተሠርቶ የጠቆረው የብሌን አለ። ከሁለቱ የትኛው ፍርሃት እንደሚበልጥ ማወቅ አቃተኝ። በመጨረሻ እሺ አልኩ፤ እምቢ ማለት ስለማልችል እሺ አልኩ።

በቀጠሮው ቀን አልጋው ላይ ተኛሁ። ያንን አልጋ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ መብራቱን የማጸዳው እኔ ነኝ፤ ትሪው ላይ ያሉትን መቀሶች የቀቀልኳቸው እኔ ነኝ። ከሥር ሆኜ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ጣሪያው ላይ ውኃ የሠራው ቢጫ ክብ አለ፤ የመጡት ሴቶች ሁሉ ሲያዩት የነበረው ይሄን ነው ለካ። ሲስተር የሺ እጄን ያዙ። የእኔን ቦታ እሳቸው ያዙት። ዶክተሩ ማደንዘዣውን ስበው፣ «ሪላክስ በይ» አሉኝ።

መርፌው ሳይነካኝ፣ «ይቅር» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ይቅር። ልጅ ማጥባት እፈልጋለሁ። መንገዱን አትቁረጡብኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ዶክተሩ መርፌውን ትሪው ላይ መለሱና ጓንታቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ሲስተር» አሉ፣ «ይቺ ልጅ ድምፅ አላት እንዴ?»

«ቤት ትታው ነበር የምትመጣው» አሉ ሲስተር የሺ። «ዛሬ ይዛው መጥታለች።»

ተነሣሁና አልጋውን ወለወልኩት። ምን እንደማደርግ ስላጣሁ ነው።

አገባሁ፤ አረገዝኩ፤ በመጀመሪያ እንደጻፍኩት ሥራውን ተውኩ። እናቴ ልታርሰኝ በአውቶቡስ መጣችና ላምበረት ተቀበልናት። ልጄን በመንግሥት ሆስፒታል በሰላም ወለድኩ። ሴት ናት። ነርሷ አንዴ ደረቴ ላይ አስቀምጣት አየችና፣ ሰው ስለበዛባት፣ «ሞክሪ፣ ትለምደዋለች» ብላ ሄደች።

አልለመደችውም። ቤት ከገባን በኋላ ወተቴ መጣና ጡቴ እንደ ድንጋይ ሆነ። ልጄ አፏን ከፍታ ወዲያና ወዲህ ትፈልጋለች፤ የምትይዘው የለም። ከንፈሯ ይንሸራተታል። ታለቅሳለች። እያለብኩ በማንኪያ ሰጠኋት፤ ከምትውጠው የምትተፋው ይበልጣል። ለቅሶዋ እየቀጠነ መጣ። ያስፈራኝ መቅጠኑ ነው፤ ስትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቆይታ፣ ወደ በሩ እያየች፣ «ጎረቤትሽ አራስ የለችም?» አለችኝ።

ልጄን ወደ ደረቴ መለስኳት። እናቴ ተነሥታ ጄሪካኑን ይዛ ወጣች። ጄሪካኑ ሙሉ ነበር።

ያኔ ታሪኩን ቦርሳዬን አቀብለኝ አልኩት። ስሪንጁን ከጎዙ ውስጥ አወጣሁ። የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ታሪኩ ለሲስተር የሺ ደወለና ስልኩን ላውድ አደረገው።

«ታሪኩ፣ አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር» አሉ።

«ባሏ እኮ ነኝ፣ ሲስተር!»

«ባሏማ ነህ፤ ትንፋሽህ እዚህ ድረስ ይሰማል። አንተን እያየች ትፈራለች። ስልኩን ብቻ ያዝ።»

ዞረ።

«እቴ፣ ሰማሽኝ? በፈላ ውኃ ቀቅይውና ይቀዝቅዝ። መግፊያውን አውጪና በተቆረጠው በኩል መልሰሽ አስገቢው። ለስላሳው አፍ ወደ ገላሽ። ከንፈርሽ ላይ አዙሪው አስቀድመሽ።»

አዞርኩት። የሻከረ ነገር የለበትም።

«መዳፍሽን አሙቂ። መጀመሪያ ትንሽ እለቢ፣ ጥቁሩ ክብ ይለስልስ። አሁን በቀኙ ጀምሪ። ጫፉ ባለበት ላይ ድፊውና መግፊያውን ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ ሳቢ። ካመመሽ አቁሚ፤ ጀግንነት አያስፈልግም።»

ሳብኩ። ጫፉ ከስርጉዱ ውስጥ እንደ ፈራ ሰው ትንሽ ብቅ አለ፤ ስለቀው ተመለሰ። ደግሜ ሳብኩ። ያዝ አድርጌ ቆየሁ። ስለቀው አልተመለሰም።

«አሁን ልጅቷን! አፏን በደንብ እስክትከፍት ጠብቂ። ጫፉን ብቻ እንዳታጎርሻት፤ ጥቁሩን ጨምሪላት። ጉንጯን አትይ፤ ጉሮሮዋን እይ።»

ልጄ አፏን ከፈተች። አስጠጋኋት። ሳተች። ጫፉ ገባ። ስሪንጁን መልሼ አነሣሁ፣ ሳብኩ፣ አስጠጋኋት። እንደገና ሳተች። ታሪኩ ግድግዳው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ምን እንደሚያንሾካሹክ አልሰማሁትም። ልጄ ደክማ ዓይኗን ልትከድን ስትል አፏ በራሱ ሰፋ አለ፤ ያን ጊዜ አስጠጋኋት። ያዘች። አመመኝ፤ በጣም አመመኝ። ጉሮሮዋን አየሁ። ቆመ። ቆመ። ከዚያ ተንቀሳቀሰ።

በግራው አልሆነም። እስከ ዛሬም አልሆነም፤ እያለብኩት ቀስ በቀስ ደረቀ፤ ደረቴ አንድ ጎኑ ከሌላው አንሷል። ሲስተር የሺ አንዱ ጡት አንድ ልጅ ያሳድጋል ይሉኛል። አምናቸዋለሁ፤ ግን ልጄ ባስነጠሳት ቁጥር፣ አፏን ለቀቅ ባደረገች ቁጥር፣ ያው ፍርሃት ይመጣል። ምናልባት እናት መሆን ማለት ይሄ ይሆናል፤ እንጃ።

የዚያን ዕለት ግን ልጄ ስትጠባ በሩ ተከፈተ። እናቴ ያንን ሙሉ ጄሪካን እንደያዘች ገባች። ለቅሶ ስላልሰማች ክፉ ነገር የጠረጠረች ይመስለኛል፤ ፊቷ አመድ ሆኗል። በሩ ላይ ቆመች።

«ምንድን ነው የሚሰማው?» አለች።

«እየዋጠች ነው፣ እማዬ።»

እናቴ ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጆሮዋን ወደ ልጄ አንገት ዝቅ አደረገችና ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች።

«መዋጥ ድምፅ አለው እንዴ?» አለች።